ዘይቱ ገና አልደረቀም

ብሩኬ ሽጉጡን ይዞ ወደ ፊርደውስ ወርክሾፕ የመጣው ኖቬምበር መግቢያ ላይ ነው። ሚስቱን ሀኒንም አስከትሎ ነበር።

ፊርደውስ የጅማ አናጢ ልጅ ናት። መላጊያና መሮ አያያዝ ያስተማሯት አባቷ ናቸው። ቶሮንቶ ከገባች በኋላ የኩሽና ቁም ሣጥን በሚሠራ ፋብሪካ ጥቂት ዓመታት ቆየች፤ ከዚያ ኖርዝ ዮርክ ውስጥ፣ ከአንድ የመኪና ጋራዥ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ተከራይታ የራሷን ሥራ ጀመረች። የቢላ እጀታ፣ የጠመንጃ ሰደፍ፣ አልፎ አልፎም የሽጉጥ እጀታ ትሠራለች። ላይሰንስ አላት። ከግድግዳው ጋር በብሎን የታሰረ የብረት ካዝናም አላት። ደንበኛ መሣሪያውን በሕጋዊ መንገድ አስረክቧት ይሄዳል፤ ሥራው ሲያልቅ መጥቶ ይወስዳል። ዕድሜዋ ወደ አርባ እየተጠጋ ነው፤ ብቻዋን ትኖራለች፤ ነገር አታበዛም።

ብሩኬን በዝና ታውቀዋለች። የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሰው ሲሞት አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ቀድሞ የሚሯሯጠው እሱ ነው፤ ሰርግ ላይም መጀመሪያ ወደ መሐል የሚገባው እሱ ነው። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ውስጥ ስሙን በክፉ የሚያነሳ አይገኝም። አደን ይወዳል። ካናዳ ውስጥ በሽጉጥ ማደን ስለማይፈቀድ በየዓመቱ ፈቃድ አውጥቶ፣ ድንበር ተሻግሮ ፔንሲልቬኒያ ይሄዳል። ሽጉጡን የገዛው የሽጉጥ ሽያጭ ሳይታገድ በፊት ነው፤ አፈሙዙ ክንድ የሚያህል፣ ከበድ ያለ ስድስት ጎራሽ።

ሣጥኑን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። የእጀታው አንዱ ወገን ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

«ምን አግኝቶት ነው?» አለች ፊርደውስ።

«የአምና አጋዘን» አለ እየሳቀ። «አንዷን መትቼ ወገቧን ሰበርኳት። ስደርስባት በፊት እግሮቿ እየተሳበች ልታመልጠኝ ትሞክራለች። ለሷ ሌላ ጥይት ላባክን እንዴ? አፈሙዙን ይዤ በእጀታው አናቷን አልኳት። አልሞት አለች። ደገምኳት። ዓይኗን አፍጥጣ እያየችኝ ነው እኮ። እሷ ዝም ስትል እጀታውም ለሁለት ተከፈለ።»

ሀኒ በዚህ ጊዜ የእንጨት ናሙናዎቹ የተደረደሩበት መደርደሪያ አጠገብ ቆማ ነበር። የሱፍ ኮፍያዋን ቅንድቧ ድረስ ስባዋለች። ቤቱ ሞቃት ቢሆንም አላወለቀችውም።

«ነይ አንቺ ምረጪልኝ» አላት ብሩኬ። «ጌጥ የሚገባት ሴት ናት።»

ፊርደውስ ጉማጆቹን አንድ በአንድ አወረደች። ጥቁሩን ዋልነት፣ ነጣ ያለውን ማፕል፣ ቀይ ኮኮቦሎውን፣ በመጨረሻም ከአዲስ አበባ የመጣ ወይራ። ሀኒ ወይራው ላይ ጣቷን አሳረፈች። ማር የመሰለ መደብ ላይ ጥቁር ጅማቶች እየተጠማዘዙ ያልፉበታል።

«ይሄ ያምራል» አለች በለሆሳስ።

ብሩኬ ሳቀ። «ወይራማ ዱላ ነው። ደግ መርጠሻል። ወይራ አይሰበርም።» እጁን ማጅራቷ ላይ አሳረፈ። የሀኒ ትከሻ ወደ ላይ ተሰበሰበ፤ ፊቷ ግን አልተለወጠም።

ፊርደውስ የእጁን ልክ ለመውሰድ ለስላሳ ጭቃ አድቦልቡላ ሰጠችው። ብሩኬ ጨበጠው። ጭቃው በጣቶቹ መሐል ተፈልቅቆ ወጣ።

«ቀስ በል። እንደምትተኩስበት ያዘው እንጂ እንደምታንቀው አይደለም» አለችው፤ ሌላ ድቡልቡል አዘጋጀችለት።

«ፊርዲ ሙች፣ እጄ ከባድ ነው» አለ።

አጋዘን አደኑ ሊከፈት ስለሆነ በሳምንቱ እንዲደርስለት ለምኗት ሄዱ።

በማግስቱ ፊርደውስ ብሎኑን ፈትታ የተሰነጠቀውን እጀታ ከብረቱ አላቀቀች። ልኩን ከአሮጌው ላይ ልትወስድ ነበር። ስንጥቁን በብርሃን ስታየው አንድ ነገር ተሰንቅሮበት አገኘች። በወረንጦ ሳበችው። እየመጣ፣ እየመጣ፣ ክንዷን የሚያህል ፀጉር ሆነ። ጥቁር ነው፤ ጫፉ ሒና የነካው ቀላ ይላል። ሥሩ ላይ የደረቀ ቅራፊ ቆዳ ተጣብቋል። ከሱ ሥር ሌሎችም ነበሩ፤ በደረቀ ደም ተጠቅልለው።

ለአዳኞች ብዙ ሠርታለች፤ የአጋዘን ፀጉር ታውቃለች። የአጋዘን ፀጉር አጭርና ክፍት ነው፣ ሲያጥፉት እንደ ገለባ ይሰበራል። ይሄ የሰው ፀጉር ነው። የሴት ፀጉር።

ያ ሁሉ ወሬ፣ አናቷን አልኳት ያለው፣ አልሞት አለች ያለው፣ ሀኒ አጠገቡ ቆማ እየሰማች ነበር የተወራው። ፊርደውስ ወረንጦውን አስቀመጠች። ወጥታ ጋራዡ ግድግዳ ሥር ብርዱ ላይ ቆመች። ስልኳን አወጣች፤ መልሳ ከተተችው። ለማን ነው የምትደውለው? የሀኒ ስልክ የላትም። ፖሊስ ብትጠራ፣ ሀኒ ያላሰበችው ሰዓት ላይ በሩ ቢንኳኳ፣ እሱ አጠገቧ ቢሆንስ? ፀጉሩን በወረቀት ጠቅልላ ካዝናው ውስጥ፣ ከሽጉጡ አጠገብ አኖረችው፤ ሌላ የምታደርገው ስላልነበራት ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ወይራውን በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቃ፣ ጅማቱ ግራና ቀኝ እንዲመሳሰል እንደ መጽሐፍ ገጽ ከፈተችው። ለብሎኑ ቀዳዳ በሳች። በሞረድ እየሞረደች ከጭቃው ጋር አስተያየችው። የአውራ ጣቱ ማረፊያ፣ የመዳፉ ጉድጓድ፣ የትንሿ ጣት ማጠፊያ። የሰውዬው እጅ በእጇ ውስጥ ቀስ በቀስ እየተሠራ መጣ። ስትሠራ እንዲህ የሚቀፋት ነገር ኖሮ አያውቅም።

ሀኒ ብቻዋን የመጣችው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ከምትሠራበት ፋርማሲ ሺፍቷን ጨርሳ፣ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ወደ ኋላዋ አየች።

«ሽጉጡ አልቋል እንዴ?»

«ሊያልቅ ነው። ግቢ፣ ብርድ ነው።»

ፊርደውስ ብዙ አላወራችም። ካዝናውን ከፍታ፣ ወረቀቱን ዘርግታ አሳየቻት። ሀኒ ፀጉሩን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ኮፍያዋን አወለቀች። ከግንባሯ ጀምሮ ወደ መሐል አናቷ የሚሄድ፣ ፀጉር የሌለበት ጠባሳ አለ፤ ሐኪም ሳያየው በራሱ የገጠመ፣ ዳርና ዳሩ ያበጠ።

«የኔ ነው» አለች።

ፊርደውስ ወንበር ሰጠቻት። ሀኒ አላለቀሰችም። የሌላ ሰው ነገር እንደምታወራ ሆና ነው የነገረቻት።

«የሚመታኝ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። እጁን ለምጄዋለሁ። ሽጉጡን የሚያወጣው ደስ ሲለው ነው። አልጋ ላይ ያስቀምጠኝና አፈሙዙን አፌ ውስጥ ይከታል። ከዚያ ስለ ሰርጋችን ያወራል። ማን ምን እንደለበሰ፣ እናቱ እንዴት እንዳለቀሱ። እኔ ጥርሴ ብረቱን እንዳይነካው እጠነቀቃለሁ፤ ከነካው ይቆጣል። የዚያን ቀን ሳልኩ። ብረቱ ጉሮሮዬ ገብቶ አሳለኝ። በዚያ ነው የፈነከተኝ።»

«ፖሊስ እንጥራ» አለች ፊርደውስ።

«አንዴ ጎረቤት ጠርቶ ነበር። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ከጀርባዬ ቆሞ ነበር። ምንም የለም አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?» ኮፍያዋን መልሳ አጠለቀች። «ሌላ ከተማ ባለ፣ የተበደሉ ሴቶች የሚጠለሉበት ሼልተር ረቡዕ አልጋ ይለቀቅልሻል ብለውኛል። ለሥራ እንደሚሄድ ሰው ሆኜ ነው የምወጣው። እዚያ ስደርስ ለፖሊስ ሁሉንም እናገራለሁ፤ ይሄንንም ፀጉር ስጪያቸው። እስከ ረቡዕ ሽጉጡ እዚህ ይቆይልኝ። ሽጉጡ ቤት ከገባ ግን እግሬን ማንሳት አልችልም። አውቀዋለሁ ራሴን።»

«የት እንደምትሄጂ አትንገሪኝ» አለች ፊርደውስ።

ቅዳሜ ጠዋት ብሩኬ ደወለና «ፒክ አፕ ላደርገው እየመጣሁ ነው» አላት። እጀታው አልቆ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት እየሳሳ፣ በውሃ እየረጠበ፣ እንደገና እየተፋቀ እንደ ጥርስ ልስልስ ብሏል፤ ዘይቱንም ሦስት ጊዜ ጠጥቶ ደርቋል። ፊርደውስ ስልኩን እንደዘጋች ዘይቱን አነሳችና እጀታውን አራሰችው። ወፈር አድርጋ፣ ሳትጠርገው።

ብሩኬ ሲደርስ እጀታው ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ብርሃኑ ሲያርፍበት ጥቁሮቹ ጅማቶች ውሃ ውስጥ ያሉ ይመስላሉ።

«ይሄማ ጌጥ ነው» አለና ሊይዘው እጁን ሰደደ።

«ዘይቱ ገና አልደረቀም።»

ጣቱን ነካ አድርጎ አየው። ተጣበቀበት። አሸተተው።

«መቼ ነው የሚደርቀው?»

«በዚህ ብርድ ቀስ ብሎ ነው። ሐሙስ ና።»

«ሐሙስ? ፊርዲ፣ ሲዝኑ እኮ ተከፍቷል። አሮጌውን ግጠሚልኝና እንደዚያው ልውሰደው።»

«አሮጌውን ሰብሬዋለሁ። ያለ እጀታ ደግሞ አላስረክብም፤ ሥራዬ ነው፣ በኔ ስም ነው የሚሄደው።»

ብሩኬ ካዝናውን አየ፣ ከዚያ እሷን። ፈገግታው ከፊቱ ላይ አልጠፋም፤ ዓይኑ ግን እየመዘናት ነበር። «እሺ፣ ሐሙስ» አለና በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ። ፊርደውስ መኪናው እስኪሄድ ጠበቀች። መኪናው ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጥል ነበር። ጋራዡ ውስጥ ቀለም የሚረጨው ማሽን ይጮኻል። ፊርደውስ የሳለችውን መሮ በቆዳ እያለሰለሰች ሳለ በሩ ተከፈተና ብሩኬ ገባ። አናቱ እርጥብ ነው። የብረት በሩን ከኋላው ዘጋና መቀርቀሪያውን ወረወረው።

«ሀኒ የት ናት?»

«አላውቅም።»

«ሥራ አልገባችም። ፓስፖርቷ የለም።» እርጋታው ያስፈራል። «እዚህ መጥታ ነበር። ፋርማሲ የምትሠራ ልጅ ናት የነገረችኝ፤ ወደ እንጨት ሠሪዋ ሄደች አለችኝ። የት ናት?»

«ብሩኬ፣ ወላሂ አላውቅም። ውጣልኝ።»

የመጀመሪያው ጥፊ መደርደሪያው ላይ ጣላት። የእንጨት ጉማጆቹ በላይዋ ተናዱ። ልትነሳ ስትል በእግሩ ጎኗን መታት፤ ውስጧ አንድ ነገር እንደ ደረቅ ቅርንጫፍ ቀጭ ሲል ሰማችው። በሂጃቧ ስቦ አስነሳት፤ ጨርቁ አንገቷ ላይ ጠበቀ። ጮኸች፤ ከቀለም ማሽኑ ጩኸት ግን የሷ አልበለጠም።

«ካዝናውን ክፈቺ።»

«አልከፍትም።»

ፊቷን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨው። አፍንጫዋ ተሰበረ፤ ደሙ ወደ ጉሮሮዋ ወረደ። ከዚያ ቀኝ እጇን ይዞ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ እንጨት ጠፍንጎ ወደሚይዘው ሞርሳ ወሰደው። ምን ሊያደርግ እንደሆነ የገባት ጣቶቿ በሁለቱ ብረቶች መሐል ከገቡ በኋላ ነው። በአንድ እጁ አንገቷን ከጠረጴዛው ጋር ተጭኖ፣ በሌላው የሞርሳውን መዘውር አዞረ።

«ቁጥሩን ንገሪኝ።»

ሌላ ዙር። ከሷ የወጣው ድምፅ የሷ አልመሰላትም።

«ለዚያች ብለሽ ነው? ምንሽ ናት? እህትሽ ናት?» አዞረው። አጥንቱ ሲደቅ ሁለቱም ሰሙት። «ሁለታችሁንም አንድ ቦታ ነው የምቀብራችሁ። ቁጥሩን።»

ፊርደውስ ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር። ይሄን በኋላ ለፖሊስም፣ ለዳኛም አልደበቀችም። ቁጥሩ ምላሷ ላይ ነበር፤ በአፏ የሞላው ደም ግን ትን አላት፤ አሳላት። ስትስል ብሩኬ ደሙ እንዳይረጨው ፊቱን አዞረ፤ አንገቷን የያዘው እጁም ላላ። ግራ እጇ ጠረጴዛው ላይ መሮውን አገኘው።

የት እንደምትወጋ አላየችም። ወደ ታችና ወደ ጎን፣ ባላት ኃይል ሁሉ ላከችው። መሮው ጭኑ ውስጥ፣ ከብሽሽቱ ዝቅ ብሎ እስከ እጀታው ገባ። ብሩኬ አልጮኸም። ጎንበስ ብሎ አየው፤ በሁለት እጁ ይዞ ነቀለው። ስህተቱ ያ ነበር። ደሙ የጠረጴዛውን እግር እየመታ ተፈናጠረ። ሁለት እርምጃ ወደ ካዝናው ሄደ፤ ጉልበቱ ከዳውና በግንባሩ ሲሚንቶው ላይ ተደፋ።

ፊርደውስ በግራ እጇ የሞርሳውን መዘውር ወደ ኋላ አዞረች። ጣቶቿ ሲወጡ አላየቻቸውም፤ ማየት አልፈለገችም። ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ 911 ደወለች። የተናገረችው እንግሊዝኛ አጭር ነበር፦ ሰው ወግቻለሁ፣ እየሞተ ነው፣ ኑ። ሴትዮዋ ደሙን ተጭና እንድታቆም ነገረቻት።

ከሱ ርቃ ቆማ አየችው። ተገላብጦ አሁን በጀርባው ተኝቷል። ፊቱ ነጥቷል፤ ከሥሩ ያለው ኩሬ እየሰፋ ወደ እንጨት ፍቅፋቂው ይሄዳል፤ ፍቅፋቂው እየመጠጠ ይቀላል። ዝም ብላ ብትቆም የሚጠይቃት የለም። ትንሽ ቆመች። ያንን ትንሽ ጊዜ ከዚያ ወዲህ ስንት ሌሊት ታስታውሰዋለች፤ ምክንያቱም መቆሙ ደስ ብሏት ነበር።

ከዚያ ሄዳ ጉልበቷን ብሽሽቱ ላይ ጣለች፣ በሙሉ ክብደቷ። የተሰበረው ጎኗ አስቃሰታት። ደሙ ቀሚሷን አልፎ ጉልበቷን አሞቀው፤ እየቆየ ግን መፍሰሱ ቀነሰ።

ብሩኬ ዓይኑን ገለጠ። እጁ ተነስቶ አንገቷ ላይ ያለውን ጨርቅ ጨበጠ። ለማነቅ አቅም የለውም፤ አልለቀቀም ግን።

«የት ናት?» አለ።

«ዝም በል። ትሞታለህ።»

«የት ናት? ንገሪኝ... የት ናት?»

ከንፈሩ ሰማያዊ እስኪሆን ይሄንኑ አለ። ሳይረኑን ሰምቶ የመጣው የጋራዡ ባለቤት ሊዮና ፖሊሶቹ በሩን በብረት ፈልቅቀው ሲገቡ፣ ፊርደውስ ሰውዬው ላይ ተንበርክካ፣ የሰውዬው እጅ አንገቷ ላይ እንዳለ ነበር። ማን ማንን እየገደለ እንደሆነ ለማወቅ አልቻሉም፤ ፖሊሶቹ በሁለቱም ላይ መሣሪያ ደገኑ።

ብሩኬ አልሞተም። ደም ተሰጥቶት፣ ሥሩ ተሰፍቶ ተረፈ፤ አንድ እግሩ ግን ከዚያ ወዲያ አልታዘዘውም። ሐኪሞቹ የፊርደውስን ሁለት ጣቶች ቆረጡ፤ ሦስተኛው አለ፣ አይታጠፍም። ፖሊስ ካዝናውን ከፍቶ ሽጉጡንም ፀጉሩንም ወሰደ። ሀኒም ካለችበት ከተማ ቃሏን ሰጠች። ፊርደውስ ራሷን እንደተከላከለች ስለታመነ ክስ አልቀረበባትም።

ወሬው ከብሉር ጎዳና እስከ ዳንፎርዝ ሲዳረስ ግን ቅርፁን ለወጠ። ሰዎች ባልና ሚስት መሐል የገባች አሏት። ለሰው ሁሉ ደራሽ የነበረውን ልጅ በመሮ የወጋች አሏት። ክረምቱ ሲጋመስ አቶ ሙሉነህ የሚባሉ፣ በዕድሜም በማስታረቅም የታወቁ ሽማግሌ፣ ሁለት ሰዎች አስከትለው ቤቷ መጡ። ፊርደውስ በግራ እጇ ሻይ ቀዳችላቸው። በፋሻ የተጠቀለለውን እጇን ላለማየት ሦስቱም ግድግዳውን ያዩ ነበር።

«ልጄ» አሉ አቶ ሙሉነህ፣ «የደረሰብሽ ቀላል አይደለም። እሱም ተቀጥቷል፤ እግሩን አጥቷል። አሁን እስር ቤት ሃያ ዓመት ቢበሰብስ ለማን ይጠቅማል? ከሀኒ ጋር ነገሩን በእርቅ እንይዘዋለን። አንቺም ፍርድ ቤት ስትቀርቢ ለስለስ አድርገሽ፣ ተናዶ ነው፣ ሊገድለኝ አልነበረም ብትዪ።»

«ጋሽ ሙሉነህ፣ ሀኒን አይተዋታል?»

«የት አግኝተናት?»

«አናቷን አላዩትማ።»

ሽማግሌው ሻዩን አማሰሉ። «ቤት መፍረሱ ነው እኮ የሚያሳዝነው።»

«እሷ ስትፈነከት ነው የፈረሰው። ያኔ ማንም አልመጣም» አለች ፊርደውስ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ሻይ ልጨምርልዎት? ሌላ የምለው የለኝም።»

አንደኛው አብሮ የመጣ ሰው ተቆጥቶ ተነሳና፣ «ሰው የወጋች ሴት ናት እኛን የምታስተምረን?» አለ። አቶ ሙሉነህ በዓይናቸው አስቀመጡት፤ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ግን ሁሉም ሄዱ። በማግስቱ ፊርደውስ ወርክሾፕ ስትደርስ የመስኮቱ መስታወት ረግፎ አገኘችው። ድንጋዩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሊዮ ሳይጠየቅ መጥቶ ጣውላ ቸነከረላት።

ምስክርነቷን የምትሰጥበት ሳምንት ሲደርስ፣ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለላት።

«ፊርደውስ ነሽ?» ያረጀ የሴት ድምፅ ነው።

«አዎ። ማን ልበል እማማ?»

«የኔነሽ እባላለሁ። የብሩኬ እናት ነኝ።»

ፊርደውስ ከቆመችበት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ልጄን የወጋሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ደሙን ያቆምሽለትም አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ።»

ሴትዮዋ ተነፈሱ። «እዚያ ያሉት ሰዎች ናቸው ደውዪላት ያሉኝ። እናት ስትለምን ትራራለች አሉኝ። የምልሽንም ነግረውኝ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ፣ አሮጊት ናት ብለሽ አትሸንግዪኝ። ነፍሱ ልትወጣ ስትል እኔን ጠራ?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። አዎ ብትል ማንንም አይጎዳም።

«አልጠራዎትም፣ እማማ።»

«ፈጣሪውንስ?»

«አልጠራም።»

«ታዲያ ዝም አለ?»

«ሚስቱ የት እንዳለች ይጠይቀኝ ነበር። እስኪዝለፈለፍ ድረስ እሱን ብቻ ነው የጠየቀኝ።»

«ይቅርታ ሊላት?»

«አይደለም።»

ከወዲያ በኩል የመኪና ጥሩምባና የሆነ ቤት የሚጮኽ ቴሌቪዥን ይሰማል።

«ሀኒ እኔ ቤት ሰንብታ ነበር» አሉ እማማ የኔነሽ። «ታምሜ አስታማኛለች። ሌሊት ስትገላበጥ እየሰማሁ ምንድን ነው ልጄ ብዬ አልጠየቅኳትም። ደህና ናት አሁን?»

«ደህና ናት ይላሉ።»

«የት እንዳለች ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ብታውቂም ለማንም እንዳትናገሪ» አሉ። «ለኔም ቢሆን።»

ስልኩን ዘጉት።

ሐሙስ ዕለት ፊርደውስ ፍርድ ቤት ቀረበች። ብሩኬ ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጦ ነበር፤ አንዴም ዓይኑን ከሷ ላይ አላነሳም። ከፀጉሩ ጀምራ፣ ርቃ ቆማ እስካየችው ትንሽ ጊዜ ድረስ፣ ሁሉንም ተናገረች። ሀኒ በሁለተኛው ቀን፣ ኮፍያ ሳታደርግ መጥታ ተናገረች። ተፈረደበት።

ከፍርዱ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ኮሪደሩ ላይ ተገናኙ። ሀኒ የፊርደውስን እጅ ያዘች፣ የተጎዳውን። ፊርደውስ ያመኛል አላለቻትም። አንዲት የሼልተሩ ሠራተኛ መጥታ ባቡሩ እንዳያመልጣቸው ስትል፣ ሀኒ እጇን ለቅቃ ሄደች። ፊርደውስ ወዴት እንደሆነ አልጠየቀችም፤ በሌላኛው በር ወጥታ ወደ ሥራዋ ሄደች። መሮ በግራ እጅ መያዝ ገና እየተማረች ነው።